መድኃኒት የበዛበት ችፌ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉናል። ያልደበቀውስ? እሱ ደግሞ መድኃኒት ይበዛበታል። ችፌ ያለበት ሰው በመካነ ሰላም ከመነኸሪያ ተነስቶ ገበያው እስኪደርስ ስንት ሐኪም እንደሚያጋጥመው የምናውቀው የያዘን ነን። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉም ለደግ ብለው ነው። ግን ደከመን።

ብዙውን ጊዜ ቡና ላይ ይጀምራል። ሲኒ ለመቀበል እጅ ሲዘረጋ እጅጌው ይሸሽና የክርኑ እጥፋት ይታያል፤ ቆዳው ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ መሃሉ ላይ ሌሊት የታከከበት ደም በቀጭኑ ደርቆ። አቦሉ ሳይጠጣ «እከክ ነው አንተ ልጅ፣ ድኝ በቅቤ ለውሰህ ተቀባ» ይባላል። በቶናው «ኧረ ጭርት ነው» የሚል ይነሳል። በረካው ላይ ነገሩ ወደ ሰው ዓይን ይዞርና አንዷ ጠበል፣ ሌላዋ ዱዓ ታዛለች። ወሎ ነውና ሁለቱም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይታዘዛሉ፣ ሁለቱንም አሜን ብሎ መቀበል ነው። ችፌ የሚለው ስም ግን ሲኒው ታጥቦ እስኪነሳ ከማንም አፍ አይወጣም።

እከክ የሚሉትንስ እሺ፣ አልፈርድባቸውም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ስንቱን ወረዳ እንዳስለቀሰ እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ የሚያሳክክ ነገር ሁሉ እከክ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ ግን ለማየት ለፈለገ ያን ያህል አይሰወርም። እከክ ቆዳ ውስጥ የሚገባ ደቃቅ ተባይ የሚያመጣው ነው፤ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ዙሪያ ይበረታል፤ አንዱ ከያዘው ቤተሰቡ በሙሉ ተሰልፎ ያካል። ችፌ ከክርንና ከጉልበት እጥፋት፣ ከአንገት አይርቅም፤ ሕፃናትን ደግሞ ጉንጫቸው ላይ ይጀምራቸዋል። ለማንም አይጋባም። አብሮ ቢበሉ አይጋባ፣ አብሮ ቢተኙ አይጋባ። ይህንን ስንት ጊዜ ተናግረን፣ ዛሬም ሰርግ ላይ ከአንድ መሶብ ሲቀርቡ እጃችንን አይቶ «እኔስ ጠግቤያለሁ» የሚል አይጠፋም። ገና እንጀራው ሳይቆረስ!

የጤና ትምህርቱም ቢሆን ለኛ ተብሎ የተጻፈ አይመስልም። «ቀይ ሽፍታ» ይላል። የኛ ቆዳ መች ይቀላል? እኛ ላይ ይጠቁራል፣ አመድማ ይሆናል፤ ከማየት ይልቅ በመዳሰስ ይታወቃል፣ ሻካራና ችፍ ችፍ ያለ ነው። ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቀመጣል። ይህንን ያየ ዘመድ «አልዳነልህም እኮ» ይልና ሌላ ቅባት ያመጣል፣ እኛም ምልክቱን እናሻለን፣ ያሸነው ይቆጣል፣ እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን።

«ከማን ወረስከው?» የሚሉም አሉ። በዘር መሄዱ እውነት ነው፤ አስምና አለርጂ ያለበት ቤት ችፌም ይበዛዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ሲጎድል ለችፌ እንደሚያጋልጥ በአውሮፓ ታወቀ። ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ግን እዚያ የተለመደው ጉድለት እኛ ጋ አልተገኘም። ቆዳችን እርጥበቱን መያዝ አለመቻሉ ያው ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ተመራማሪ ያልጨረሰውን እትዬ በአንድ ሲኒ ሊጨርሱት!

አየሩንም አንርሳው። ከኅዳር ጀምሮ ከለጋምቦ በኩል የሚወርደው ደረቅ ንፋስና የንጋቱ ውርጭ ጤነኛውን ሰው ከንፈሩን ይሰነጥቀዋል፣ ችፌ ያለበትንማ አትጠይቁኝ። ብርዱን ፈርተው ባና ሲደርቡ ሱፉ ያሳክካል፤ ባናውን ሲጥሉት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሙቀት ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃ ቢወርዱ ላቡ ያቃጥላል። ቀን ሥራው ያስረሳል፣ ሌሊት ግን ጥፍር ባለቤቱ ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል፤ ጠዋት ሸሚዙ ከክርን ጋር ተጣብቆ ይገኛል።

መፍትሔው የሚያናድደው ቀላልና አሰልቺ በመሆኑ ነው። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት፣ የልብስ ሳሙና ገላ ላይ አለማሳረፍ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መለቅለቅ። በየቀኑ፣ ሲሻለውም ጭምር። ሲቆጣ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት ለተባለው ጊዜ ብቻ። ይኸው ነው። ይህንን ሲሰማ የማያዝን ሰው የለም፤ «በቃ? ቫዝሊን?» ይላል። መርፌ ቢባል ደስ ይለው ነበር።

ስቴሮይዱ ላይ ደግሞ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «ቆዳ ያሳሳል» ብሎ እስከነአካቴው አይነካውም፤ ሌላው ሦስት መድኃኒት በአንድ የታጨቀበትን ቱቦ ከሱቅ ገዝቶ ፊቱን ለዓመት ይቀባዋል። ቆዳ የሚያሳሳው ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ጭርት ላይ ከተቀባማ ጭርቱን ደብቆ ያስፋፋዋል። ልጆቹን ደግሞ ጂቪ የሚሉት ቀለማም መድኃኒት ሐምራዊ አድርጎ ይልካቸዋል፤ ጂቪ የደረቀውን ቆዳ ይብስ ያደርቀዋል። ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ሲይዝ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በድንገት ሲወጣ ግን ወሬ ሳያዳምጡ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ከዚያ በላይ ሲሆን በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የቆዳ ሕክምና በመስጠት የታወቀ ነው፤ እንደ አዲስ አበባው አለርት ሁሉ ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ቦሩ ሜዳ ልሄድ ነው» ያለ ሰው ለጎረቤት ሌላ ማብራሪያ መጨመር አለበት። አንዳንዱ ማብራሪያውን ፈርቶ ሳይሄድ ይቀራል፣ ችፌውም ይወፍራል።

ከጅዳ የተመለሰች እህትማ አለች፤ በፍቅር ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ሎሽን ይዛ። ሽቶው እንደሚያስቆጣው ማን ይንገራት? አመስግኖ መቀበል ነው። ባለፈው ደግሞ አንዱ ወዳጄ «የግመል ወተት ሞክረሃል?» አለኝ። በዚህ ውርጭ ግመሉን ማን ሊያመጣልኝ ነው?