ጠመንጃ የሌለው ሳንጃ

ጂጂጋ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት፣ ሳንጃ ገዛሁ። ሰው ደመወዝ ሲቀበል ለእናቱ ይልካል፣ ዕዳውን ያቃልላል፣ ቢያንስ ጫማ ይገዛል። እኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቅሞብኝ፣ የጫማዬ ተረከዝ አልቆ፣ የብረታ ብረት ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብዬ 800 ብር ቆጠርኩ።

ያሳሳተኝ ሚኒሶታ ያለው ጓደኛዬ ነው። ደውሎ፣ «እዚህ ሰዉ የአገራችንን የድሮ ጠመንጃ እየተሻማ ነው የሚገዛው» አለኝ። አልዋሸም፤ በቅርብ ዓመታት ከእኛ መጋዘን የወጣ አሮጌ መሣሪያ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጧል። «ጠመንጃውን ተወው፣ ጣጣ አለው። ሳንጃ ብቻ ብታገኝ ግን መቶ ዶላር አያጣም» ሲለኝ፣ ከ«ዶላር» በፊት የተናገረውን ሁሉ ረሳሁት።

ሻጩ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ ነበሩ።

«አዴር፣ ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ።»

«ለዚህ ዝገት?»

«ዝገቱ ምርቃት ነው» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ተከራክረን በ800 ከተስማማን በኋላ ቤት ወስጄ በናፍጣና በጨርቅ ሳሸው አደርኩ። ብረቱ ብቻ 52 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ማለት ነው። እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ጫፍ ናስ፤ መስቀለኛው ብረት አንዱ ጫፉ እንደ አውራ በግ ቀንድ ቆልመም ብሏል፣ በሌላው ጫፍ አፈሙዝ የሚገባበት ቀለበት አለ። ከሹሉ በኩል አቅንታችሁ ብታዩት የ«ፐ»ን ፊደል ይመስላል፤ ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከሥሩ ቀጭን። በዚያ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ፣ ዝገቱ ሲለቅ፣ እንደ ፍቅር ደብዳቤ የተቆላለፈ የፈረንጅ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ሴንት ኢትየን፣ 1876። የውጅግራ ሳንጃ! ከአድዋ በፊት በእነሱ አቆጣጠር ሃያ ዓመት የቀደመ። መስቀለኛው ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። ፈረንሳዮቹ ጠመንጃና ሳንጃን በአንድ ቁጥር ነበር የሚያጋቧቸው፤ የእኔዋ ባሏም ሰገባዋም የሌሉ ባልቴት ነበረች።

ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ስም የመጣ ነው። በእነሱው አቆጣጠር 1886 ላይ ፈረንሳዮች ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ሲይዙ ውጅግራቸው ትርፍ ሆነ። ትርፍ የሆነ መሣሪያ ደግሞ ወደ ማን እንደሚላክ የታወቀ ነው። ከእኛ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሐረር የኖረው ገጣሚው ራምቦ እንኳ ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል ጭኖ፣ በ1887 እንጦጦ ለምኒልክ አድርሷል። ምኒልክ ዋጋውን ሰብረው፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ቀንሰው፣ ቀሪውን ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል አሉት። ሰውየው ከጠመንጃ ንግዱ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። ይህን አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ፋሲካ ደረሰ። የመሥሪያ ቤት ልጆች ተዋጥተን ፍየል ገዛን። ማረዱ በደህና አለፈ፤ ሲገፈፍ ግን ያለችን አንዲት ቢላዋ ከእጀታዋ ተነቀለች። «ቆይ!» ብዬ ሮጥኩና ሳንጃዬን ይዤ ተመለስኩ። ጉራዬ አሁን ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል። ቆዳው ላይ ባስኬደው አንሸራተተኝ፤ ብጫነው ብጫነው ጎማ እንደ መቁረጥ ሆነብኝ። ተናድጄ ወደ ውስጥ ስገፋው ግን፣ ወይ ጉድ፣ ያለምንም ትግል ሰተት ብሎ ገባ። ገብቶም የማይነካውን ነካ። አረንጓዴው ሐሞት ጉበቱ ላይ ሲፈስ፣ ሚጥሚጣና ዳቦ ይዘው ጥሬ ጉበት ሲጠባበቁ የነበሩት አምስት ሰዎች ዝም ብለው አዩኝ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያዳነኝ ዘበኛችን ነው። ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ጂጂጋ ነፃ ስትወጣ ካራማራ፣ ያ ከከተማው በስተ ምዕራብ የሚታየን ተራራ ላይ ነበር። ከጎጆው የክላሽ ሳንጃ አምጥቶ ሥራውን በአሥር ደቂቃ ጨረሰው፤ ከዚያም ለእኔ ትምህርት ሰጠኝ። የእኔው የተሠራው ለመውጋት ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንዳይታጠፍ ነው የ«ፐ» ቅርጽ የሰጡት፤ ስለት ብሎ ነገር አያውቅም። ከእሱ በኋላ የመጣው የለበልም ያው መርፌ ነው፣ አራት ጎን ያለው። የክላሹ ግን ቢላዋም መጋዝም ነው፤ ምላጩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ሰገባው ላይ ካለችው ጉጥ ጋር ሲያጋጥማት መቀስ ሆና የአጥራችንን ሽቦ ቀጭ አደረገችው። (ሽቦውን ማን እንደሚጠግነው አልተነጋገርንም።)

«በጨበጣ ውጊያ ግን ተጠቅመህበታል?» አልኩት።

«ጨበጣ ስትገባ ሳንጃ እንዳለህ ትዝ የሚልህ ከወጣህ በኋላ ነው» አለ። «እኔ በሳንጃ የገደልኩት የሥጋ ቆርቆሮ ብቻ ነው።»

የእኛ የጥንት ሰው ሳንጃን ከቁም ነገር ያልቆጠረው ለዚህ ይመስለኛል። በወገቡ ጎራዴ እያለ ጠመንጃው አፍ ላይ መርፌ የሚሰካበት ምክንያት አልነበረውም። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከካርካኖ ካራቢናቸው ጋር የማይነቀል ታጣፊ ሳንጃ ሠርተው ነበር፤ ቢያንስ ባልና ሚስቱ አይለያዩም።

መቶ ዶላሩ ግን ከልቤ አልወጣም። አዲስ አበባ አድርሼ ለአንድ ተጓዥ ልሰጥ፣ ሳንጃዬን በጋቢ ጠቅልዬ የሐረር ሃይሩፍ ተሳፈርኩ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ጋቢውን ዳበስ አደረገና ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

ጃንጥላ፣ የመጋረጃ ብረት፣ የሥጋ መጥበሻ፤ ስንት ነገር ማለት ይቻል ነበር። እኔ «ሳንጃ» አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ሃይሩፉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ጠመንጃውስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ጠመንጃ የሌለው ሳንጃ ምን ያደርግልሃል?»

ይህን ጥያቄ ከፋሲካ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ነውና መልስ አልነበረኝም። አለቃው ተጠራ፤ አገላብጦ አየው፤ ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ ሊልጥበት ሞከረ። ብርቱካኑ ተበሳ እንጂ አልተላጠም፤ ጭማቂው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ከኋላ የግመል ወተት በጀሪካን የጫነች ሴትዮ «ዋርያ! ወተቴ በፀሐይ ሊሞት ነው፣ ብረትህን ጣልና ውረድ!» ብላ ጮኸች። አርባ ደቂቃ ካስቆምኳቸው በኋላ ተፈረደ፤ መኪናው ይሄዳል፣ እኔና ሳንጃው ወደ መጣንበት እንመለሳለን። ሹፌሩ የከፈልኩትን ሒሳብ አልመለሰልኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ማታ ግቢ ስገባ አከራዬ ኤዶ፣ ከደምበል ዘመዶቿ የላኩላትን አዲስ ፍየል ገመድ ይዛ ትታገላለች። የእንጨቱን ካስማ ፍየሏ ሦስት ጊዜ ነቅላዋለች። ጋቢዬን ፈታሁና ሳንጃውን ሰጠኋት። ድንጋይ አንስታ ናሱን በአራት ምት መታችው፤ እስከ መስቀለኛው ድረስ መሬት ውስጥ ሰጠመ። ገመዱን በአፈሙዙ ቀለበት አሳልፋ ቋጠረች። ፍየሏ ዘለለች፣ ተንፈራገጠች፣ ደከማት፣ ተኛች። የሁለቱን ወር ኪራይ ያን ሳምንት አላነሳችብኝም።

በወሩ ሚኒሶታ ደወለ። ገዢ ተገኝቷል፣ 120 ዶላር፣ ናሱ ግን ምንም ያልተጎዳ መሆን አለበት። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ አየሁ። ናሱ እንደ ረገጡት እንጉዳይ ተጨፍልቋል።

«ኤዶ፣ ይሄን ነገር ልንቀለው ይሆን?»

«ለምን ይነቀላል?» አለች፣ ፍየሏን እያለበች። «ይልቅ ሌላ አንድ ፈልግልኝ፤ ሁለተኛ ፍየል እየመጣልኝ ነው።»