የወንበር ኮት በድሬዳዋ

ደቻቱ ሁለቱን የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከዚራን ከመጋላ፣ የሚለይ ወንዝ ነው። በመዝገብ ወንዝ ነው፤ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ግን በሥራ ገበታው ላይ አይገኝም። አሸዋው ላይ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ወንዙ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዚህ የቀሪዎች ጥናት የመጀመሪያ ናሙና ለመሆን የሚስተካከለው አልነበረም። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ስለሄደ፣ በእሱ መቀለድ አይገባም። ስለዚህ ጥናቱ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ከዚራ ይገባል፤ እዚያ ያሉት ቀሪዎች ሲመጡም ማንንም አይጎዱም።

ከዚራ የሰዓት ልጅ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ መንገዱ በገመድ ተቀይሶ፣ ዛፉ በመስመር ተተክሎ፣ ፊሽካ ሲነፋ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛ ያለበት ሰፈር ሆነ። ዛሬ ከዛፎቹ ሥር ያሉትን ቢሮዎች የሚያስተዳድረው ግን ፊሽካ አይደለም።

የሠራተኛ አለመኖር በአምስት ይከፈላል። «ስብሰባ ላይ ነው» የኃላፊ ነው። «ፊልድ ወጥቷል» አበል አለበት። «ለቅሶ ሄዷል» የሚለውን ማንም አይከራከረውም። «ወጣ ብሎ ነው» ከሩብ ሰዓት እስከ ሰኞ ይደርሳል። አምስተኛውና እጅግ የረቀቀው ዓይነት «አለ» ይባላል። «አለ» የተባለ ሠራተኛ የለም፤ ኮቱ ግን ወንበሩ ላይ ነው። ሌሎቹን አራት እዚህ ላይ እንተዋቸው።

የወንበር ኮትን አዲስ አበባ ላይ ማጥናት አይቻልም። እዚያ ሰውየው የእውነት በርዶት ለብሶ መጥቶ፣ ሞቆት አውልቆት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ይበላሻል። ድሬ ላይ ይህ ጥርጣሬ የለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቤቱ በሽርጥ፣ መንገድ ላይ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ የሚውል ሰው ኮት የሚገዛበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ኮቱ ከሰልባጅ ተራ ተመርጦ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ቢሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አይወጣም። የሰው ገላ ሳይነካው ጡረታ የሚደርስ አለ።

የአገልግሎት ዘመኑ የሚታወቀው በትከሻው ነው። መስኮት በኩል ያለውን ትከሻ ፀሐይ ስለሚበላው ጥቁሩ ኮት መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወደ ሮዝ የሚጠጋ ነገር ይሆናል፤ ሌላኛው ትከሻ እንደተገዛ ጥቁር ነው። በአንገቱ እጥፋት ውስጥ የተኛው አቧራ ደግሞ ከደቻቱ አሸዋ የመጣ ነው። ሁለቱም ትከሻ እኩል የነጣበት ኮት ካጋጠመ ወንበሩ ተዛውሯል፣ ማለትም ኮቱ እድገት አግኝቷል።

በማዕረግ ሲታይ፣ ከሁሉ በታች ያለው ባዶ ኮት ነው። ከፍ ሲል ባለ መነጽር ኮት ይመጣል፤ ከፊቱ ፋይል ተከፍቶ፣ ፋይሉ ላይ መነጽር ተዘርግቶ። መነጽሩን ትቶ ሩቅ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ባለጉዳዩ ይቀመጣል። (መነጽሩ ቁጥር እንደሌለው የሚያውቀው ሞክሮ ያየ ብቻ ነው።) ባለ ሻይ ኮት ከዚህም ይልቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ገና ይተናል። ሻዩን ያዘዘው የጎረቤት ጠረጴዛ ባልደረባ ነው፤ ነገ ደግሞ ውለታው ይመለስለታል። ሥልጠና ላይ የቡድን ሥራ የሚባለው በዚህ ጥራት የሚፈጸምበት ሌላ ቦታ አላየሁም።

የኃላፊ ኮት ወንበር ላይ አይንጠለጠልም። መስቀያ አለው፤ ከአንገቱ ሥር ታስሮ የማይፈታ ከረባት አለው። ከፌዴራል እንግዳ ሲመጣ ይለበሳል፤ ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ ስለ ሰዓት ማክበር ይናገራል፣ እንግዳው ሲሸኝ ኮቱም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች አንድ በአንድ ኮቱ ላይ ሞክሬያለሁ። የሥራ ሚስጥር ይጠብቃል። አያዳላም፤ ዘመድም ባዳም እኩል ያስጠብቃል። ሥልጣኑን ያለአግባብ አይጠቀምም። ጉቦ አይቀበልም፤ ኪሱ ውስጥ ቢከቱለት እንኳን የሚወስደው ሌላ ሰው ነው። የወደቀው «ለለውጥ ዝግጁ መሆን» ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን በተራ ሲመጡ ከወንበሩ ስላልተነሳ ነው። የአሻራ ማሽን ሲተከል ዘመኑ አበቃ ተብሎ ነበር። ማሽኑ የሚመሰክረው ግን መግባትንና መውጣትን ነው፤ በመካከል ያለው ሰፊ አገር አሁንም የኮቱ ግዛት ነው።

ባለቤቱስ? ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ነው። ይህን ለማጣጣል የሚቸኩል ተመራማሪ ተሳስቷል፤ ምርቃናው ሲደርስ መሥሪያ ቤቱን ከሥር ጀምሮ የሚያሻሽል ዕቅድ በቃሉ ያወጣል፣ ባለጉዳይን ከአንድ ቀን በላይ ማመላለስ ነውር ነው ብሎ ይቆጣል። ከልቡ ነው።

«አቶ እገሌ አሉ?» ይላል ከአዲስ አበባ የመጣ ባለጉዳይ።

«አቦ፣ ምን አንቱ ትለዋለህ! አለ። ኮቱን አታየውም?» ይላል ተላላኪው።

ከዚያም ተላላኪው ራሱ ያዝንለትና ቤቱን ይጠቁመዋል። እዚህ ላይ ምደባዬ ይፈርሳል። ምክንያቱም ሰውየው ሲገኝ ከፍራሹ ቀና ብሎ «ና ቁጭ በል» ይላል፣ ለስላሳ ያስመጣል፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መስመር በመስመር ያነባል፣ ሌላ ቦታ ሳምንት የሚፈጅ ስህተት አግኝቶ እዚያው ያርማል፣ ይፈርማል። ማህተሙ ብቻ ይቀራል። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ የክፍሉ ቁልፍ ተላላኪው ጋ ነው። ተላላኪው ደግሞ ለዚያው ባለጉዳይ ባጃጅ ሊይዝለት ወጥቶ ስልኩን አያነሳም። ኮት ስለሌለውም የዚያን ዕለት «ቀሪ» ተብሎ የተመዘገበው እሱ ብቻ ነው።