ጥቅስን ለባለቤቱ ለመመለስ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ ልጆቻችን ሌሊቱን ሙሉ ጽፈው እኛ የምንጠቀስ የኢትዮጵያ አባቶች፣ በሐርጌሳ ከተማ 31 ሜይ ሰፈር ከሶማሌ አያቶች ጋር ሻይ ላይ ተሰብስበን፤

አብዛኞቻችን ማይክሮስኮፕ በዓይናችን ሳናይ በውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶች ላይ ስማችን ፊት ተቀምጦ፣ የልጃችን ስም አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆኖ ከኋላ ሲጎተት ስላገኘነው፤

ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ስለሚወስድ፣ ሐበሻ አባቱን፣ ባለ ሦስት ስሙ ሶማሌ ደግሞ አያቱን ሲያስጠቅስ የሚኖር በመሆኑ፤

ገብረና ወልደ ያሉባቸው ስሞቻችን መሃል ለመሃል እየተሰነጠቁ አንድ ተመራማሪ ሁለት ሰው ስለሚሆንና ጥቅሱም እንደ ውርስ መሬት ስለሚበጣጠስ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ይህ አዋጅ «የአባቶች ከጥቅስ መነሻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ገና ሳይነበብ አንድ ጥቅስ አገኘ ማለት ነው፤ ከብዙ ጥናት ይሻላል።

አንቀጽ 2፦ «ኤች ኢንዴክስ» ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ስፍር ነው። 10 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 10 ነው። አንድ ብቻ ጽፈህ ሺህ ጊዜ ብትጠቀስ ግን 1 ነህ፤ አርፈህ ተቀመጥ። «መጠቀስ» በዓይን መጠቀስንም ይጨምራል። ራሱን የሚጠቅስ ተመራማሪ መስታወት ፊት ቆሞ ዓይኑን እንደሚጠቅስ ጎረምሳ ይቆጠራል። ሁለት ሆነው ሲጠቃቀሱ ነገሩ ፍቅር ሳይሆን የማዕረግ እድገት ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዝያ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ፍለጋ ዓድዋ ወንዝ ወረደ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው አገኘ። በዓመቱ ግኝቱን በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አሳተመ። ዩጂን ጋርፊልድ በአሜሪካ የሳይንስ ጽሑፎችን ጥቅስ የሚቆጥረውን መዝገብ ያወጣውም በዚያው በ1964 ስለሆነ፣ ቆጣሪውና ተቆጣሪው እኩያሞች ናቸው። እኩያው ግን ስሙን እንኳ አልያዘለትም፦ «ለማ ኤ.» ተባለ። የአገር ቤት ላቦራቶሪ ውጤት አልታመን ብሎ ዓመታት በሙግት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። እንዶዱን ቀጥቅጠው፣ አረፋውን አውጥተው ወንዙ ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ግን በአባታቸው ስም እንኳ አልተጠቀሱም። ጉባኤያችን እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጦ ዝም ብሏል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ምንዛሪ። የሐርጌሳ መንዛሪ የሽልንጉን እስር እንደ ጡብ ደርድሮ መንገድ ዳር ይውላል። ክምሩን አይቶ ባለጠጋ ነው የሚለው የለም፤ ስንት ዶላር ይወጣዋል ተብሎ ነው የሚጠየቀው። የጥቅስ ክምርም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ማናቸውም የእድገት ኮሚቴ የልጆቻችንን ጥቅስ ሲቆጥር አንድ የሐርጌሳ መንዛሪ ድምፅ የመስጠት መብት ይዞ አብሮ ይቀመጣል።

አንቀጽ 5፦ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ ተቀብለናል። ክርስትና አንስተን፣ ስም አውጥተን ያሳደግነውን ልጅ በቁጥር መጥራት ነውር ነው፤ ነገር ግን በእኛ ስም ከሚጠራ በቁጥሩ ይጠራ። እኛ ከዛሬ ጀምሮ ከጥቅስ ተነስተናል። ሽልማት ሲኖር ብቻ ፊት ወንበር እንዲያዝልን እንጠይቃለን።

አንቀጽ 6፦ ከግርጌ «31 ሜይ» ተብሎ የሰፈረው ሰፈሩ እንጂ ቀኑ አይደለም፤ አዋጁ እስከዚያ አይቆይም፣ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። የመጽሔት አዘጋጆች ሆይ፣ «ለማ ኤ.» ያላችሁት ሰው ስሙ አክሊሉ ነው፤ አርሙልን።

ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ