ደፋርና ጭስ

«ደፋር ነው» ተብሎ ለሹመት የሚታጭ ሰው አለ፤ «ምን ዓይነቱ ደፋር ነው!» ተብሎ ከደጅ የሚመለስም አለ። ቃሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው የተናጋሪው ቅንድብ ላይ ነው። የራሳችን ልጅ እንግዳ ፊት ቆሞ ሲዘፍን «ደፋር ነው፣ ይደግ!» እንላለን። የጎረቤት ልጅ ያንኑ ዘፈን ሲዘፍን ግን «አቤት የዘንድሮ ልጆች ድፍረት!»

ግሱም ቢሆን ዕረፍት የለውም። ድንበር ይደፈራል፣ ሕግ ይደፈራል፣ ችሎትም ይደፈራል። ዳኛ ፊት ስልኩ ያንቃጨለበት ባለጉዳይ «ችሎት ደፍረሃል» ሊባል ይችላል። ሰውየው ስልኩን ለማጥፋት ኪሱን ሲበረብር እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ላየ ግን በአገሩ ከሱ የባሰ ፈሪ የለም።

ቀልድ የማይገባበትም ቦታ አለው። አስገድዶ መድፈርን የምንጠራው በዚሁ ግስ ነው። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም የተጠለፈች ታዳጊንና የቆመችላትን ጠበቃ ታሪክ ይዞ «ድፍረት» ሲባል፣ አንዱ ስም ጥቃቱንም ወኔውንም ተሸከመ። ደፋሪውም ደፋሯም ከአንድ ግስ መውጣታቸው አማርኛ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው ከቤት ውጭ የቆመ መሆን አለበት። ጭሱማ ይወጣል፤ እስኪወጣ ድረስ የሚያለቅሰው ጓዳ ያለው ነው። የዘመኑ ደፋር «ሪስክ ካልወሰድክ አታድግም» እያለ ይበደራል፤ እንቅልፍ የሚያጣው ግን ቤቱን ያስያዘለት አጎቱ ነው። ንግዱ ከቀናው «ባለራዕይ» ይባላል። ከከሰረ ደግሞ «እኔ ድሮም ድፍረቱ አላማረኝም ነበር» የማይል ዘመድ አይገኝም፤ በምርቃቱ ቀን ኬክ የቆረሰው ሳይቀር።

ብልሆቹ አባቶቻችን ድፍረትን በሰው ማስደፈር ያውቁበታል። ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ አባቷን ራሱ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹም «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ደፍረን መጥተናል» ይላሉ። ልጁ በዚያ ሰዓት የት እንዳለ አይጠየቅም።

እኛ ሽማግሌ የማንልክባቸው ጉዳዮች ናቸው የሚያስጨንቁን። ጭር ባለ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አንድ ሌላ ሰው እንዲለው እየጸለይኩ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ረዳቱን መልስ መጠየቅማ ሌላ ጀግና ይፈልጋል።

ቃሉን በደንብ የሚያስተምረው ግን ቢሮ ነው። አለቃ በሠራተኛው ላይ ቢጮህ «ደፈረው» የሚል የለም፤ «ገሠጸው» ነው የሚባለው። ሠራተኛው እጁን አውጥቶ በለሆሳስ «ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም» ቢል ግን አዳራሹ በሙሉ «ደፈረው!» ብሎ ይንሾካሾካል። በመሥሪያ ቤት ድፍረት የሚለካው በንግግሩ ክብደት ሳይሆን በተናጋሪው ወንበር ቁመት ነው።

ለዚህም ነው «ድፍረት አይሁንብኝና» የምትለዋን መግቢያ የፈጠርነው። የገረመኝ ግን ማን እንደሚጠቀምባት ነው። የሥራ ስህተት ያየው ሰው መግቢያዋን እያሰላሰለ ስብሰባው ያልቅበታል። ያለፈውን ብድር ያልመለሰ ወዳጅ ግን ያለ አንዳች መግቢያ «አምስት ሺ ብር አለህ?» ይላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፍርዴ ይህ ነው፤ እውነት የምትናገር ከሆነ ይቅርታ ሳትጠይቅ ቀጥ ብለህ ተናገር። ብድር ልትጠይቅ የመጣህ እንደሆነ ግን እባክህን «ድፍረት አይሁንብኝና» በል፤ ከቻልክም ሽማግሌ ላክ።