የውጭ አገር ልምምድ፦ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

የሕዝብ ግንኙነት ተለማማጅ በተማሪና በሠራተኛ መካከል የሚገኝ፣ ደመወዝ የሌለው፣ ወንበር ግን የሚፈለግለት ፍጡር ነው። ተማሪው ወቅቱን «አፓረንት» ይለዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ «የተግባር ልምምድ» ይለዋል፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት «ልጆቹ መጡ» ይላል።

ከዓይነቶቹ ሁሉ የሚከበረው የውጭ አገር ልምምድ ነው። ውጭ አገር ሲባል ዱባይ የሚታየው ብዙ ነው፤ በጉራጌ ምድር ግን ቃሉ ጠበብ ያለ ፍቺ አለው። ወልቂጤና ቡታጅራ ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር ኖረዋል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ስለዚህ ጉብሬ በሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ቡታጅራ የሚለማመድ ልጅ ድንበር ተሻግሯል።

ጉዞው ፍቺውን ያጠናክራል። በከተሞቹ መካከል ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዘቢዳር ተገትሯል። ተራራውን ያልደፈረ መንገደኛ በጅማው መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሽቅብ ይመለሳል፤ የጅማና የሆሳዕና መንገዶች በሚለያዩበት ዓለም ገና ይታጠፍና በጢያ በኩል ቡታጅራ ይገባል። ከክልሉ ወጥቶ፣ ኦሮሚያን አቋርጦ፣ ወደ ክልሉ ተመለሰ ማለት ነው። ቪዛ አይጠየቅም፤ ለሻንጣው ግን ለብቻው ይከፍላል።

የቋንቋ ችግርም ተሟልቷል። ቤቱ ቸሃ የሚነገርበት ልጅ ቡታጅራ ገበያ መስቃንኛ ሲሰማ ግማሹን ይረዳል፣ ለግማሹ ፈገግ ይላል። በየትኛውም ባሕር ማዶ የሚደረገው ይኸው ነው።

ልምምዱ በደብዳቤ ይጀመራል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቁጥር ያገኛል፤ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ይስተናገድ» ብለው እስኪመሩበት ይጠበቃል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

የሙያው እምብርት ግሥ ነው። «አለ» የሚል ቃል ይዞ የመጣ ተለማማጅ በዘገባ ውስጥ ማንም ምንም እንደማይል በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። ኃላፊ ይገልጻል፤ ከፍ ያለው ያስታውቃል። ሥራው ካልተሠራ ያሳስባል፤ ማን ሊሠራው እንደሚገባ ካልታወቀ ደግሞ ይጠቁማል። ነዋሪ ደስታውን ብቻ ይገልጻል፤ ሌላ ስሜት ካለው «ቅሬታ አቅራቢ» ይባልና ወደ ሌላ ቢሮ ይመራል። በዓል በድምቀት ይከበራል። ደብዘዝ ብሎ የተከበረ በዓል እስካሁን አልተዘገበም።

ከግሡ ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይመጣል። መድረኩ ከፊት፣ ባነሩ ከነቀኑ፣ ተሳታፊው ከጎን ይነሣል። ያንቀላፋ ተሳታፊ ማስታወሻ የሚይዝ እንዲመስል ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ጥበብ ነው።

የዘርፉ ታሪክ በበር ላይ ጽሑፍ ይነበባል። በፌዴራል ደረጃ የማስታወቂያ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ቦታውን ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ለቀቀ፤ ያም በ2011 ታጠፈ፤ በ2014 የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ተቋቋመ። ግሦቹ ከሦስቱም ተርፈዋል።

ልምምዱ በምዘና ያበቃል። ቅጹ በታሸገና ማህተም ባረፈበት ፖስታ ለዩኒቨርሲቲው ይላካል፤ ተለማማጁ ውጤቱን እንዳያይ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ፖስታውን ያሸገው ተለማማጁ ነው፤ ኃላፊው አስቀድመው በፈረሙት ቅጽ ላይ ነጥቡን የሞላውም እርሱ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ።