በጫማ ሥር ስለሚካሄድ የመሬት ዝውውር፦ ከአቃቂ ቃሊቲ ክረምት የተገኘ ጥናት

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ጫማ ላይ ተለጥፎ ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ ስለሚሻገረው መሬት ግን አንቀጹ ያለው ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ጭቃ በሚበረታበት ሰሞን መሆኑን ስናስብ ዝምታው ይበልጥ ያስገርማል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ ትሑት ሙከራ ነው።

የጥናቱ ቦታ አቃቂ ቃሊቲ፣ ጊዜው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ነው። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለውን የአበው ትንበያ የአካባቢው መረጃ አልደገፈውም። ናሙናው የተወሰደው ከአጥኚው ግራ ጫማ ብቻ ነው፤ ቀኙ ከገባበት አልወጣም።

የሰፈሩ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የወደቀ ሳንቲም ይውጣል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል፤ ሳንቲሙን አይመልስም። ጠባዩን የሚያውቁ ግንበኞች መጀመሪያ ዋልካውን ቆፍረው ያወጡና በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላሉ። የመንደር ኮሚቴ ግን ቁፋሮውን ይዘለውና ከየቤቱ አዋጥቶ ገረጋንቲውን ከላይ ያስደፋል። ሐምሌ ላይ ገረጋንቲው ይሰምጣል፤ ለከርሞ እንደገና ይዋጣል። ስለዚህ ከአንዳንዱ የውስጥ መንገድ ሥር ሌላ መንገድ፣ ከእሱም ሥር ሌላ መንገድ አለ። የወደፊቱ የከርሰ ምድር ተመራማሪ የትኛው ንብርብር በየትኛው ሊቀ መንበር ዘመን እንደተደፋ ለመለየት አይቸገርም።

ዝውውሩ የሚጀምረው ከደጅ ነው። ነዋሪው አስፋልት እስኪደርስ ከጫማው ሥር ሌላ ጫማ ይበቅላል፤ ቁመቱም ክብደቱም ይጨምራል። ጠርዙ ላይ በእንጨት ይፍቃል፣ ከድንጋይ ጋር ይታገላል። ወያላው «እግር እያራገፋችሁ!» ይላል። ሁሉም ያራግፋል፤ የሚራገፈው ግን ታክሲው ውስጥ ነው። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ ጋር ያገናኘው ቀላል ባቡር ደግሞ ንግዱን ከችርቻሮ ወደ ጅምላ አሳድጎታል።

ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተደረገውን ምልልስ እንዳለ እናቅርብ።

«እትዬ፣ ከቃሊቲ ነዎት?»

«በምን አወቅህ ልጄ?»

ዘበኛው መልስ አልሰጠም። ደጃፉ ላይ የተነጠፈውን ጆንያ በእግሩ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው።

ጆንያ ያላስለቀቀውን ሊስትሮ ይረከባል፤ ሊስትሮውም ካርታና የካሳ ጥያቄ ሳይኖር አጥቦ ለቱቦ ያስረክባል። የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ወደ ጅረት ይገባል፤ ግንፍሌው፣ ቀበናው፣ ባንትይቀጡው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አቃቂ ወንዝ ነው፤ አቃቂም ቁልቁል ወደ አባ ሳሙኤል ነው። በጫማ ተሳፍሮ የወጣው መሬት በዝናብ ተሳፍሮ ወደ ክፍለ ከተማው ይመለሳል ማለት ነው። አንቀጽ 40 አልተጣሰም። የአባ ሳሙኤልን የኃይል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ካስፈቱት ነገሮች አንዱ ደለል መሆኑን የሚያውቅ፣ ርክክቡ ምን ያህል በታማኝነት እንደሚፈጸም ይረዳል።

የሚመለሰው ግን ከነወለዱ ነው። እኛ የላክነው ጭቃ ብቻ ሲሆን፣ መሀል ከተማ የሚልክልን ጭቃውን ከውሃ ፕላስቲክ፣ ከፌስታል፣ ከነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴም ከሶፋ ጋር ነው። ርክክቡ በአብዛኛው የሚፈጸመው ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። ወንዝ ዳር የሚኖረው ተረካቢ ልጆቹን ቁምሳጥን ላይ ካወጣ በኋላ፣ እሱ አልጋው ላይ ቆሞ በእጅ ባትሪ እያየ ይረከባል።