መጽሐፍ የያዘው ሰው

በአማርኛ ሰው መጽሐፍ ይይዛል፤ ሰውን ደግሞ ጉንፋን ይይዘዋል። ግሡ አንድ የሆነው በከንቱ አይመስልም። አንዳንድ መጽሐፍ አለ፣ አንባቢው «ያዝኩት» ሲል እሱ ቀድሞ አንባቢውን የያዘው። መጽሐፍ የያዘው ሰው ወጡ ፊቱ ይቀዘቅዛል። ሲጠሩት «አቤት» ይላል እንጂ አይመጣም። መብራት አጥፋ ሲባል ያጠፋና ባትሪ ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። ሕመሙ የሚጠናው ግን መጽሐፉ ሲያልቅ ነው፤ ጉንፋን በሳምንቱ ይለቃል፣ ይኼኛው ዕድሜ ልክ የሚቆይበት ጊዜ አለ።

በአማርኛ ብዙ ሰው የያዘው የትኛው ነው ቢባል፣ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የማይጠራ ጥቂት ነው። ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከ500 ገጽ ይበልጣል። ስለት የነበረው የድሃ ልጅ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርቱን ዘልቆ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ አስተምሮ ሲጨርስ ልቡ እዚያው ይቀራል። የቀረውን ርዕሱ ተናግሮታል። ደራሲው መጨረሻውን በሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሳለ፣ አንባቢ ሁሉ እዚያ ሲደርስ እንዳልተነገረው ሰው ይደነግጣል። ከዚህ የባሰውም አለ፤ ሁለተኛ የሚያነበው። ይህ ሰው መጽሐፉን እንደገና የሚከፍተው ምናልባት በዚህኛው ዙር ሰብለ ትንሽ ቀደም ብላ ትደርስ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። አትደርስም። ሦስተኛ ይጀምራል።

የተወደደ መጽሐፍ ሰዎች ከገጹ ወጥተው ከተማ ይገባሉ። ከዚህ ልብ ወለድ ቀድሞ የወጣው ካሳ ዳምጤ ነው። የዘመኑን ሥርዓት ስለሚነቅፍ አገሩ «ጉዱ ካሳ» አለው፤ ስሙም ከመጽሐፉ ተሻግሮ የብዙ ሰው ቅጽል ሆነ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ስብሰባው ሊበተን ሲል «አንድ ጥያቄ አለኝ» ብሎ የሰውን ምሳ የሚያዘገይ ሁሉ ጉዱ ካሳ ይባላል። ለካሳ ፍትሕ ሲባል መመዝገብ ያለበት ነገር ቢኖር፣ እሱ የተናገረው ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ እንጂ ስለ ውሎ አበል አለመሆኑ ነው።

ፊደል ያልቆጠረውም ከዚህ ወረርሽኝ አላመለጠም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት የጎረቤት ሁሉ ቤት ሆነ። ትረካው በመጽሐፉ ላይ ያደረሰው ጉዳትም አለ፣ ጉዳት ከተባለ። ያንን የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን በራሱ ድምፅ ማንበብ አይችልም። ፊታውራሪ በወጋየሁ ድምፅ ይቆጣሉ፤ ሰብለም በወጋየሁ ድምፅ ታለቅሳለች። ቅር ያለው አንባቢ ግን የለም።

ፍቅር በንብረት ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ መጽሐፍ ያዋሰ ያውቀዋል። ብር ተበድሮ ያልመለሰ ሰው አበዳሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ግን ባለቤቱን ቤቱ ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ የገዛ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ «ይህን አንብበኸዋል?» ይለዋል። በሰዋስው የሚያውስ ሰው «አዋሽ» ነው፤ የሰጠውም እንደ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ ያከራዩ የነበሩ ነጋዴዎች ይህን ጠባይ ስላጠኑት ያለ ማስያዣ አይሰጡም ነበር። ተከራዩም በበኩሉ ብልሃት አያጣም ነበር፤ በአንድ ቀን ኪራይ ባል፣ ሚስት፣ የሚስት ወንድምና የጎረቤት ልጅ በተራ ያነቡት ነበር።

መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በውሰትና በኪራይ ብቻ አይደለም፤ በእገዳም ነው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» እንደወጣ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ሰብሳቢዎቹ ያልገመቱት፣ ለመጽሐፍ ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ እንደሌለ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ እየተላለፈ ተነበበ፤ በሌላ ጊዜ ልብ ወለድ የማይነካ ሰው ሳይቀር ፈለገው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወደ ኪራይ መጽሐፍ ስንመለስ፣ ብዙ እጅ የዞረበት ቅጂ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች አይኖሩትም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊታወቅ ሁለት ገጽ ሲቀር ይቆማል። ይህ የነጋዴው ጥፋት ቢመስልም ለሥነ ጽሑፍ ያደረገው ውለታ ቀላል አይደለም። አንባቢው የጎደለውን ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ሲሞላ ያድራል፤ ያጋባል፣ ያስታርቃል፣ ይገድላል። በኋላ ሙሉ ቅጂ አግኝቶ ሲያነብ የደራሲው መጨረሻ ከእሱ ያንሳል ብሎ ያዝናል። ከዚህ በኋላ ደብተር መግዛቱ አይቀርም።

የሕመሙ ከፍተኛ ደረጃ የታየው ግን እስር ቤት ነው። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እጁ ገባ። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈው ይህ የ1936 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ከ1000 ገጽ በላይ ነው፤ ወረቀት ግን አልነበረም። ነቢይ የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ስስ ወረቀት እየለቀመ ተረጎመው። 3000 ያህል ቁራጭ ፈጀበት፤ ትርጉሙም በቁርጥራጭ ተደብቆ ከእስር ቤት ወጣ። በኋላ ተሰብስቦ የታተመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ርዕሱን የወሰደው ከልብ ወለዱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲጋራ ለጤና ጠንቅ መሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ለትርጉም ሥራ የዋለውን ውለታ ግን በፓኬቱ ላይ የጻፈ የለም። ምቹ ወንበር ስላጣሁ መጻፍ አቃተኝ የሚል ደራሲ ይህን ታሪክ ሲሰማ ወሬ ቢቀይር ያምርበታል።

የተወደደ መጽሐፍ ሌላውን ሲያስጽፍ ሁልጊዜ መጽሐፍ አይወልድም። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. በወጣው «ኢትዮጵያ» አልበሙ ያካተተው «ማር እስከ ጧፍ» ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የተወለደ ዘፈን ነው። መጽሐፉን ሳያነብ በሰብለ ወንጌል የጨፈረ ወጣት ስንት እንደሆነ ባይቆጠርም፣ ከጭፈራው በኋላ መጽሐፉን የፈለገም አይጠፋም። ሀዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውም ከባዶ አልተነሡም። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋል፤ «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍም አላቸው። የባላገሩን አነጋገር እንዲያ የሚያውቁት ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ስለሰሙት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጀማሪ ደራሲ ግን የሚወርሰው ሬሳውን ብቻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የያዘው ወጣት የመጀመሪያ ደብተሩን ሲከፍት ጀግናው በሦስተኛው ገጽ ያፈቅራል፣ በአሥረኛው ይሞታል። ተፈቃሪዋም ትከተላለች። ጀማሪው ከበረታ አባትየውም፣ ፈረሱም ይሞታሉ። ያልገባው ነገር ሀዲስ በዛብህን ከመቅበራቸው በፊት በመቶዎች በሚቆጠር ገጽ ማኖራቸው ነው፤ እናቱን፣ ስለቱን፣ ትምህርቱን፣ ፍርሃቱን አንባቢው ያውቀዋል። የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ የሚለቀሰው ለይሉኝታ ነው። በሦስተኛው ደብተር ላይ ጀማሪው ይህን ሳይነገረው ይደርስበታል፤ ሬሳው ይቀንሳል፣ ሰዎቹ እንጀራ መብላት፣ ዕዳ መክፈል፣ መዋሸት ይጀምራሉ። ያኔ ደብተሩን በጋዜጣ ይለብድና ለጓደኛው ያሳየዋል። ጓደኛው ሁለት ገጽ ቆሞ አንብቦ፣ ቀና ሳይል «ለአንድ ቀን አውሰኝ» ይላል። ሌላ ቅጂ የለም፤ ያውሰዋል። ወሩ አልቆ ደብተሩ አልተመለሰም፤ ባለቤቱም ይናደዳል እንዳይባል ደስ ብሎታል፣ ደስ ብሎታል እንዳይባል ሌሊት ሌሊት ጓደኛውን ይረግማል።